ካምቢዮው ከወረደ ኩሽኔታውም ይቀየር? ያልተበላሸ የሞተር ክፍልን አስቀድሞ ስለመቀየር

ሜካኒክ_ግሽ_ዓባይ

ጤና ይስጥልኝ፣ የመድረኩ ቤተሰቦች። ባሕር ዳር ውስጥ በሞተር ሥራ 19 ዓመት ቆይቻለሁ። እጄን የፈታሁት በናፍጣ ሞተር ነው፤ ሚኒባስ፣ ፒካፕ፣ አይሱዙ፣ አልፎ አልፎም የጣና ጀልባ። የዛሬው ጥያቄዬ ግን እጄ ነክቶት ስለማያውቅ መኪና ነው።

ታናሽ ወንድሜ ቨርጂኒያ ይኖራል። ልጅ ሆኖ ፎቶውን ከአልጋው በላይ ለጥፎት የነበረውን መኪና፣ ፖርሼ 911ን፣ ባለፈው ዓመት ገዛ። እ.ኤ.አ. የ2002 ሥሪት ነው፤ 996 የሚባለው ትውልድ፣ 3.6 ሊትር ሞተር ያለው፣ 71 ሺህ ማይል የሄደ። አሁን ፍሪሲዮኑ ስላለቀ ካምቢዮው ሊወርድ ነው። ጋራዡም «ካምቢዮው ከወረደ አይቀር፣ በሞተሩ ጀርባ ያለውን የመካከለኛውን ዘንግ ኩሽኔታ አብረን እንቀይርልህ ወይ?» ብሎ ጠየቀው። ኩሽኔታው ድምፅ የለውም። ዘይት አያፈስም። ሞተሩም እንከን አይወጣለትም። ወንድሜ ደውሎ «አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» አለኝ፤ ወዲያው መመለስ አልቻልሁም።

ነገሩን ለማታውቁት ላስረዳ። በዚህ ሞተር ክራንክሻፍቱ (ፒስቶኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ) ካምሻፍቶቹን (ቫልቮቹን የሚከፍቱትን ዘንጎች) በቀጥታ አያዞርም። በመጀመሪያ መካከለኛ ዘንግ ያዞራል፤ ያ ዘንግ ደግሞ በሰንሰለት ካምሻፍቶቹን ያዞራል። የዘንጉ በቮላኖ፣ ማለትም በካምቢዮው በኩል ያለው ጫፍ የሚቀመጠው በዚህ ኩሽኔታ ላይ ነው። ኩሽኔታው በክዳን የታሸገና በውስጡ ባለው ግራሶ የሚሠራ ነው። ዓመታት ሲያልፉ ክዳኑ ይደክማል፣ የሞተር ዘይት ሾልኮ ይገባና ግራሶውን ያጥበዋል፣ የገባው ዘይትም መውጫ አጥቶ እዚያው ይበላሻል። ከዚያ ኳሶቹ ይቆሳስላሉ። ኩሽኔታው የተበተነ ዕለት ዘንጉ ከቦታው ይወጣል፣ ሰንሰለቱ ጥርስ ይዘላል፣ ቫልቭና ፒስቶን ይገናኛሉ። ሞተር የለም ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. እስከ 2000 አካባቢ የተሠሩት ባለ ሁለት ረድፍ ኳስ ኩሽኔታ ነበራቸው። ከዚያ እስከ 2005 ባለ አንድ ረድፍ ገባ፤ ችግሩ የበረታውም በዚህኛው ነው። ከ2006 በኋላ ትልቅ ኩሽኔታ ተደረገ፣ ነገር ግን ሞተሩ ለሁለት ሳይከፈል አይወጣም። በ2009 የመጣው አዲስ ሞተር ደግሞ ዘንጉን ጨርሶ አስቀረው። የወንድሜ መኪና የወደቀው ከመካከለኛው ወቅት ላይ ነው።

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን አምናለሁ። ደግሞ ደህና የሚሠራ ሞተር ተከፍቶ ሲበላሽ በዓይኔ አይቻለሁ። ምን ልበለው?


የሚኒባስ_ባለቤት

ወንድሜ፣ ይቀይር። ሁለተኛ አያስብበት።

ለምን እንዲህ እንደምል ልንገርህ። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚሠራው ሚኒባሴ ላይ የደረሰ ነው። የዓባይን በረሃ ወርደን፣ ድልድዩን ተሻግረን፣ ወደ ደጀን ዳገቱን እየወጣን ነበር። እኔ ከፊት ከሹፌሩ ጎን ተቀምጫለሁ። ከሞተሩ «ጧ» የሚል አንድ ድምፅ ወጣና ወዲያው ጸጥታ ሆነ። የታይሚንግ ቺንጋው፣ ካምሻፍቱን የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ፣ ተበጥሷል። ሞተሩ ሲጠፋ የፍሬኑ ረዳት ኃይልም አብሮ ይሄዳል፤ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ደረቀ። ሹፌሩ በሁለት እግሩ ተንጠልጥሎበት ያዘው። ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ከኋላ ጎማ ሥር ድንጋይ እስኪያስገባ ድረስ መኪናው ወደ ኋላ ሁለት ክንድ ያህል ተንሸራቷል። ያን ሁለት ክንድ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ከኋላዬ አንዲት እናት ልጇን አቅፋ «ኪዳነ ምሕረት» እያለች ነበር።

ቫልቮቹ ተጣመሙ፣ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ወረደ፣ መኪናው አንድ ወር ሙሉ ቆመ። ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ከዚያ በፊት በአራት ወር ውስጥ አንድ ጋራዥ ቺንጋውን ቀየርሁ ብሎ ገንዘብ ተቀብሎኛል። የተቆረጠው ቺንጋ ሲወጣ ጀርባው ተሰነጣጥቆ፣ ጽሑፉ ጠፍቶ፣ ጥርሶቹ ተልጠው ነበር። የአራት ወር ዕቃ አልነበረም። ሽፋኑን ብቻ አጥበው መልሰውታል።

ከዚያ ወዲህ ደንቤ አንድ ነው። መጽሐፉ 100 ሺህ ኪሎ ሜትር ቢልም እኔ በ80 ሺህ እቀይራለሁ።


ቀበሌ_11

እህቴ፣ እግዚአብሔር አትርፎሻል። ነገር ግን ቺንጋና የዚህ ፖርሼ ኩሽኔታ አንድ አይደሉም። ቺንጋ የዕድሜ ገደቡ በአምራቹ የተጻፈ ዕቃ ነው። ለዚህ ኩሽኔታ አምራቹ «በዚህ ኪሎ ሜትር ቀይሩት» ብሎ የጻፈው ቀን የለም። ደህና በሚሠራ ሞተር ውስጥ እጅ መክተት ራሱ አደጋ ነው።

የእኔን ስሙ። ፒካፔ በቴስታታው ጓርኒሲዮን በኩል ጥቂት ዘይት ያልብ ነበር። በሳምንት አንድ ጠብታ ቢሆን ነው። «ሳይብስ እንክፈተው» አሉኝና ተስማማሁ። ተከፈተ፣ ታደሰ፣ ተዘጋ። ሁለት ሳምንት እንደሠራሁበት ከወረታ ወደ ባሕር ዳር ስመለስ የዘይት መብራቱ በራ። ሞተሩን ወዲያው አጠፋሁት፣ ግን ብሮንዚኖቹ፣ ክራንክሻፍቱ የሚዞርባቸው ስስ ንጣፎች፣ ቀድመው ተልጠው ነበር። ከሥር ሲፈታ ምን ተገኘ? የእጅ መጥረጊያ ጨርቅ፣ የመዳፍ ግማሽ የምታክል ቁራጭ፣ የዘይት ፓምፑ መሳቢያ አፍ ላይ ተለጥፋ። ያቺን ጨርቅ አሁንም በላስቲክ ጠቅልዬ አስቀምጫታለሁ።

ያ ጠብታ እስከ ዛሬ ቢያልብ ኖሮ ምንም ባልሆንሁ። ወንድምህ ይተወው።


መምህር_ፔዳ

ሁለታችሁም ያያችሁት እውነት ነው፤ ሁለቱም በምህንድስናው ውስጥ ስም አላቸው። በሜካኒካል ምህንድስና ትምህርት ክፍል ይህንኑ ጉዳይ ስለማስተምር ጥቂት ልጨምር።

ቀበሌ 11 የነገሩንን ችግር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ዋዲንግተን የተባለ እንግሊዛዊ ሳይንቲስት ተመዝግቦ እንዲታይ አድርጎታል። የባሕር ጠባቂ አውሮፕላኖች በየ50 የበረራ ሰዓቱ ይፈተሹ ነበር። ብልሽቶቹን በሰዓት ሲደረድራቸው፣ ብልሽት የሚበዛው ከፍተሻው በኋላ ወዲያው ሆኖ ተገኘ፤ ሰዓቱ እየገፋ ሲሄድ ደግሞ እየቀነሰ መጣ። ፍተሻው ራሱ ብልሽት ያመጣ ነበር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ለሲቪል አውሮፕላኖች በአሜሪካ የወጣ ጥናትም ከተመረመሩት ክፍሎች በዕድሜ ገደብ መቀየር ሊጠቅማቸው የሚችሉት 11 በመቶ ብቻ እንደሆኑ አሳይቷል። የቀሩት 89 በመቶ ሲያረጁ የመበላሸት ዕድላቸው ጎልቶ አይጨምርም፤ በአዲስ መለወጣቸው ጥቅም የለውም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህ ክፍል ያረጃል ወይ?» የሚል ነው። የጎማ ቺንጋ ያረጃል። የኩሽኔታው ኳስ ብረት እንኳን ቢቆይ፣ ክዳኑና ግራሶው ያረጃሉ። ከ20 ዓመት በላይ የኖረ ክዳን ነው። እዚህ ላይ ወደ እህታችን አደላለሁ።

ሁለተኛው ሒሳብ ነው። በአሜሪካ የመኪናው ባለቤቶች በጋራ ከስሰው እ.ኤ.አ. በ2013 በስምምነት በተዘጋው ክስ ላይ የወጣው ቁጥር፣ ባለ አንድ ረድፉ 8 በመቶ፣ ባለ ሁለት ረድፉ ከ1 በመቶ በታች ይበላሻል የሚል ነበር። ለስሌቱ ያህል፣ ኩሽኔታውን ብቻ ብሎ ካምቢዮ አውርዶ መቀየር የሞተሩን ምትክ ዋጋ አንድ አሥረኛ ይፈጃል እንበል። ያን ጊዜ ወጪው የሚያዋጣው የመበላሸት ዕድሉ ከ10 በመቶ ሲበልጥ ነው። 8 ከ10 ያንሳል፤ አያዋጣም። አሁን ግን ካምቢዮው ለፍሪሲዮን ሲባል መውረዱ አልቀረም፤ የጉልበቱ ዋጋ ተከፍሏል። የቀረው ወጪ የሞተሩን ዋጋ አንድ ሃያኛ ያህል ቢሆን ድንበሩ ወደ 5 በመቶ ይወርዳል። 8 ከ5 ይበልጣል። ያው ኩሽኔታ፣ ያው ዕድል፣ ግን መልሱ ተገለበጠ። የገለበጠውም ፍሪሲዮኑ ነው።


ከሙኒክ_የጣና_ልጅ

መምህር፣ ሒሳቡን እኛ ጋራዥ ውስጥ ሳንጽፈው የምንኖረው ነው። የሽምብጥ ልጅ ነኝ፤ ሙኒክ ውስጥ ፈጣን መኪኖች ብቻ በሚገቡበት ጋራዥ እሠራለሁ። ከፖርሼው ውጪ ያሉትንም ልጨምር፣ ምክንያቱም መልሱ ክፍሉ ጋር ለመድረስ በሚያስፈልገው ሥራ ስለሚለዋወጥ ነው።

የፌራሪ 355 የታይሚንግ ቺንጋ ሲቀየር ሞተሩ ከነሙሉ ከመኪናው ይወርዳል። በቀጣዩ 360 ላይ ከመቀመጫዎቹ ጀርባ ባለው ክዳን በኩል ሞተሩ ሳይወርድ ይሠራል። በኤፍ 430 ቺንጋው ቀርቶ ሰንሰለት ሆነ። የ355 ባለቤት በየጥቂት ዓመቱ ሞተር ማስወረዱ ያማርረዋል፤ ሆኖም አንድም የማከብረው ሜካኒክ «ቺንጋውን ተወው» ሲል አልሰማሁም። መኪናው በዓመት 1,000 ኪሎ ሜትር እንኳን ላይሄድ ይችላል። ጎማ ግን ቆሞም ያረጃል።

ቢ ኤም ደብልዩ ኤም 3፣ እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2013 ድረስ የተሠራው ባለ 4 ሊትር ስምንት ሲሊንደር፣ በደቂቃ ከ8,000 ዙር በላይ የሚዞር ሞተር ነው። የፒስቶን ዘንጎቹ ብሮንዚን ቀድሞ ይበላል። ብሮንዚኑ ከሥር በኩል ሞተሩ ሳይወጣ ይቀየራል። ስለዚህ ብዙ ባለቤቶች ድምፅ ሳይጠብቁ ይቀይሩታል፤ ድምፅ ከተሰማ ክራንክሻፍቱ ቀድሞ ተጎድቷልና። አንዳንዶች ደግሞ ዘይቱን በየቅያሪው ለላቦራቶሪ ይልካሉ። በቀደሙት ብሮንዚኖች ላይ እርሳስና መዳብ በዘይቱ ውስጥ እየጨመሩ ሲመጡ ይታወቃል።

የፖርሼውን ኩሽኔታ በእጄ ቀይሬአለሁ። ሥራው ራሱ ቀላል ነው፤ የሚያስፈራው ዝግጅቱ ነው። ሞተሩ በትክክለኛው ነጥብ ላይ ይቆለፋል፣ ካምሻፍቶቹ ይታሰራሉ፣ የሰንሰለት መወጠሪያዎቹ ይፈታሉ። ይህ ሳይደረግ ኩሽኔታውን ከውጭ የሚይዘው ክዳን ከተነሣ ዘንጉ ወደ ጎን ያዘነብላል፣ ሰንሰለቱም ጥርስ ይዘላል። ሊከላከል የመጣው ሰው ራሱ ሞተሩን ገደለው ማለት ነው። ስለዚህ ወንድምህ ጋራዡን አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፦ «ካምሻፍቶቹን በምን ታስራላችሁ?» መሣሪያውን አውጥቶ የሚያሳይ ካልሆነ መኪናውን ይዞ ይውጣ።


ጡረተኛ_መካኒክ

ልጆቼ፣ ሁላችሁም አንድ ነገር ዘላችኋል። ከመቀየር በፊት ማየት አለ።

የዘይት ፊልትሮው ይፈታ። በቢላ ይከፈት፣ ወረቀቱ እንደ አኮርዲዮን ይዘርጋ፣ ነጭ ጨርቅ ላይ ይጨመቅ፣ ፀሐይ ላይ ይታይ። ከዚያ ማግኔት ይለፍበት። ማግኔት የሚይዘው የሚያብረቀርቅ ስንጥር ካለ ብረት ነው፤ ከኩሽኔታ፣ ከሰንሰለት ወይም ከሌላ ጠንካራ ክፍል የወጣ። ማግኔት የማይዘው ከሆነ ደግሞ ከአሉሚኒየም ወይም ከብሮንዚን ሊሆን ይችላል። ጥቁር የጎማ ወይም የፕላስቲክ ቁራጭ ካለ የክዳኑ ወይም የሰንሰለት መሪው ነው።

ፊልትሮው ንጹሕ ከሆነ ኩሽኔታውን ቀይሮ መዝጋት ይቻላል። ስንጥር ካለ ግን ያ ሥራ ጥንቃቄ መሆኑ ቀርቷል። ብናኙ በዘይት መንገዱ ሁሉ ዞሯል። በዚያ ላይ አዲስ ኩሽኔታ መክተት ገንዘብ መጣል ነው፤ ሞተሩ ተከፍቶ መታጠብ አለበት። ይህን ሳያዩ ቀይረው የሚዘጉ ሰዎች በኋላ «አዲሱም ተበላሸ» ይላሉ።

ቀበሌ 11፣ ስለ ጨርቋ አዝናለሁ። ጨርቅ ይዘን የምንገባ ሰዎች ቆጥረን ይዘን መግባት፣ ቆጥረን ይዘን መውጣት ነበረብን።


ሜካኒክ_ግሽ_ዓባይ

ጋሼ፣ እርስዎ ያሉትን ዛሬውኑ ለወንድሜ እነግረዋለሁ። የመምህርን ሒሳብ ደግሞ ጋራዤ ግድግዳ ላይ በጠመኔ ጽፌዋለሁ፤ ለደንበኞቼም ይጠቅመኛል።

አንድ ነገር ግን በቁጥሩ አልተያዘም። ወንድሜ መኪናውን የገዛው ከሦስተኛ እጅ ነው፤ የጥገና መዝገቡ ጎዶሎ ነው። ከዚህ በፊት ኩሽኔታው ተቀይሮ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። እኛም አገር ያገለገለ መኪና ከውጭ ሲገባ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው የሚናገረውን ማመን ይከብዳል። እኔ ታሪኩ የማይታወቅ ሞተር ሲመጣልኝ ቺንጋውን ዕድሜው እንዳለቀ እቆጥረዋለሁ። ቆጣሪው 60 ሺህ ቢልም።


ካፒቴን_ከዘጌ_ወደብ

ስለ ፖርሼ ምንም አላውቅም። ነገር ግን መምህር የሞተሩን ዋጋ ብቻ ነው ያሰቡት፤ ዕቃው የሚበላሽበት ቦታም ዋጋ አለው። እኔ ባለ 40 ፈረስ ጉልበት ሞተር ይዤ ከባሕር ዳር ዘጌ፣ አንዳንዴም እስከ ደቅና ዳጋ እስጢፋኖስ ሰው አመላልሳለሁ።

የጀልባ ሞተር ሐይቁን ስቦ ነው የሚቀዘቅዘው። ከታች የውሃ ፓምፑ ውስጥ ክንፍ ያላት ትንሽ ጎማ አለች። የእኛ ውሃ ደለል አለበት፤ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብ በክረምት የሚያወርዱት አፈር ጎማዋን እንደ ሞረድ ይበላታል። እምቦጭ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ሥሩ የውሃ መግቢያውን ይደፍናል። ውሃ ሳያገኝ የሚሽከረከር ጎማ ቶሎ ይቃጠላል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከክብራን ገብርኤል ወዲያ፣ ነፋሱ ሲነሣ፣ ከሞተሩ ጎን የሚተፋው የውሃ ክር ቀጠነ። ከዚያ ቆመ። እጄን ሞተሩ ራስ ላይ ሳደርገው ፈጀኝ፣ አጠፋሁት። 9 ሰዎች አሉ፤ ማዕበሉ ጀልባዋን ወደ ጎን እያዞረ ይመታታል። አንድ ዓሣ አጥማጅ በታንኳ ቀዝፎ መጣ። ደረቱ ድረስ ረጥቧል። ዳር ሄዶ ሌላ ጀልባ እስኪጠራልን ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። ገንዘብ ብሰጠው አልቀበልም አለ።

የጎማዋ ዋጋ ከአንድ ቀን ቤንዚን አይበልጥም። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ክረምቱ እንደወጣ፣ ውሃ ብትተፋም ባትተፋም፣ እቀይራታለሁ።


ቀበሌ_11

ካፒቴን፣ ስለ ጀልባው አልከራከርም። ሰው የተጫነበት ሌላ ነው። የወንድማችን መኪና ግን መንገድ ዳር ቢቆም የሚጎዳው ኪሱ ብቻ ነው። እኔ አሁንም፣ ካምቢዮው ባይወርድ ኖሮ፣ ለኩሽኔታው ብቻ ተብሎ አይወረድም እላለሁ። ከወረደና ፊልትሮው ንጹሕ ከሆነ ግን እሺ፣ ይቀየር። ጨርቃቸውን ይቁጠሩ።


መምህር_ፔዳ

በዚህ እስማማለሁ። 8 በመቶውን ስጠቅስ ያልኋችሁን ላስተካክል፤ ቁጥሩ የብዙ መኪኖች ድምር እንጂ የዚህችን አንዲት መኪና ዕድል የሚናገር አይደለም። ካፒቴን ያነሡት የቦታ ዋጋም ከእኔ ስሌት ጎድሎ ነበር። ከሚቀጥለው ሴሚስተር ጀምሮ ለተማሪዎቼ የማቀርበው ምሳሌ የጣናው ጎማ ይሆናል።


ሜካኒክ_ግሽ_ዓባይ

ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደገና መጣሁ።

ወንድሜ መጀመሪያ ፊልትሮውን አስከፈተ፤ ንጹሕ ነበር። ጋራዡ ካምሻፍት ማሰሪያውን አውጥቶ አሳየው። ኩሽኔታው ተቀየረ፣ ፍሪሲዮኑ ገባ፣ መኪናው ከወጣ 600 ማይል ሄዷል። አሮጌውን ኩሽኔታ ነጭ ፎጣ ላይ አድርጎ በቪዲዮ አሳየኝ። ክዳኑን በመርፌ አነሣው። ግራሶ የሚባል ነገር የለም፤ በቦታው ቡናማ፣ ቀጭን ዘይት ብቻ። ኳሶቹን አንድ በአንድ ወደ ካሜራው አዞራቸው። አንድም ጭረት የላቸውም። በጣቱ ሲያሽከረክረው ያለ ድምፅ ዞረ።

ስለዚህ እውነቱን ልንገራችሁ፤ ምናልባት ሌላ 10 ዓመት ይሠራ ነበር፣ ምናልባትም በሚቀጥለው በጋ ይበተን ነበር። ግራሶው እንዳለቀ አይተናል፤ ኳሱ እንዳልተነካም አይተናል። ወንድሜ «ገንዘቤን አባከንሁ ወይ?» አለኝ። አላባከንህም አልሁት፣ ምክንያቱም በሩ የተከፈተው በሌላ ጉዳይ ነበር። ፍሪሲዮኑ ደህና ሆኖ ቢጠይቀኝ ኖሮ በየ5,000 ማይሉ ፊልትሮውን እየቆረጥህ ንዳው እለው ነበር።

አሮጌውን ኩሽኔታ ይዞልኝ ይመጣል። ለሥራ ተለማማጆቼ ማሳያ አደርገዋለሁ።


ካፒቴን_ከዘጌ_ወደብ

እንኳን በሰላም አለቀ። እኔም ትናንት ጎማዋን ፈታሁ። ከስድስቱ ክንፎች ሁለቱ ወደ አንድ ወገን ተጣጥፈው ቀርተዋል፣ አንዱ ከሥሩ ተሰንጥቋል። ውሃ ግን እስከ ትናንት ድረስ በደንብ ትተፋ ነበር።


የሚኒባስ_ባለቤት

ወንድሜ፣ የእኔ መኪና ቺንጋው ከተቀየረ 78 ሺህ ሞልቶታል። ማክሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ጋራዥህ አመጣዋለሁ። አዲሱን ቺንጋ ራሴ ገዝቼ እይዛለሁ፤ አሮጌውን ስትፈታው አጠገብህ እቆማለሁ።